ከመሬት በታች ያለው ጋዝና ከመሬት በላይ ያለው ሕዝብ

«ፍራኪንግ» የሚባለው ነዳጅ የማውጣት ዘዴ የአሜሪካንን ሕዝብ በአሳብ ከከፋፈሉት ነገሮች አንዱ ነው። ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። በመጀመሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ጉድጓዱም ጋዙን ከያዘው አለት ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከዚያም ውሃ፥ አሸዋና ኬሚካል በታላቅ ግፊት ይለቀቅበታል። አለቱ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ይደግፈዋል፤ በውስጡ ታምቆ የኖረው ጋዝ ወይም ዘይትም ይወጣል።

ደጋፊዎቹ «ነዳጅ ረከሰ፥ ሥራ ተገኘ፥ አገሪቱም በጋዝ ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ስለ ውሃው መበከል፥ ስለ አየሩ መበላሸትና ስለ ከባድ መኪናው ጩኸት ይናገራሉ።

ይሁን እንጂ የሕዝብ አሳብ እንደ አለት የጸና አይደለም። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጠይቅ፥ ከመቶ 40ው ደገፈ፤ 40ው ተቃወመ። በ2016 ግን ደጋፊው ወደ 36 ሲወርድ ተቃዋሚው ወደ 51 ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ አሠራሩ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ቤንዚን በጣም ረክሶ ነበር። ኪስ ካልተጨነቀ ዓይን ጉዳቱን ለማየት ጊዜ ያገኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የማን አሳብ ይጽና የሚለው ነው። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በቴክሳስ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ዴንተን ናት። ዴንተን እንደኛ ያሉ ተማሪዎች የሚኖሩባት፥ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ያሏት ከተማ ናት። የጋዝ ጉድጓዶች ከመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ስለ ተቆፈሩ፥ ነዋሪዎቹ በኅዳር 2014 ድምፅ ሰጥተው ከመቶ 59 ያህሉ ፍራኪንግ በከተማቸው ውስጥ እንዲከለከል ወሰኑ።

ነገር ግን በቴክሳስ ሕግ መሬቱ የአንዱ፥ ከሥሩ ያለው ማዕድን የሌላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጩኸቱንና አቧራውን የሚቀበለው ባለቤት ከጋዙ ዋጋ አንዳች ላይደርሰው ይችላል። በሌላው ወገን፥ ማዕድኑ የኔ ነው የሚለውም ሰው ንብረቴ ያለ ካሣ ታገደብኝ ብሎ ቢጮኽ ክርክሩ ከንቱ አይደለም።

የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ወዲያው አዲስ ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዥውም በግንቦት 2015 ፈረመበት። ሕጉ ከተሞች ፍራኪንግን እንዳይከለክሉ የሚያግድ ነው። የሕጉ ደጋፊዎች «እያንዳንዱ ከተማ የየራሱን ሕግ ቢያወጣ ሥራ አይሠራም» አሉ። ተቃዋሚዎቹ «ታዲያ ድምፃችን ምን ዋጋ አለው?» ብለው ጠየቁ። የከተማው ምክር ቤትም በሰኔ ወር ክልከላውን ሻረ።

እንግዲህ ስለ ፍራኪንግ የሕዝብ አስተያየት ሲነገረን፥ ከመቶ ስንቱ ደገፈ ብለን ብቻ አንለፍ። የተጠየቀው ማን ነው? ጥቅሙ ለማን፥ ጉዳቱስ በማን ላይ ይወድቃል? መጨረሻውን የሚቈርጠውስ ማን ነው? እነዚህ ካልተመለሱ ቍጥሩ ብቻውን ብዙ አያስተምርም።