ስለ ተራቈተ መሬት መታደስ

የዓለም ሙቀት እየጨመረ በሄደ ቍጥር ድርቅም ኀይለኛ ዝናብም የሚበረታ ስለ ሆነ፤ ራቍቱን የቀረ ተራራ ሁለቱንም ሊችል አይገባውም፤ አይችልምም። ይህን አስቀድሞ ካዩት አገሮች አንዱ በትግራይ ከውቅሮ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው፤ ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት የአብርሃ ወአጽብሓ መንደር ነው። ድርቁ ስለ ጸናበት ሕዝቡን ወደ ሌላ ስፍራ ለማስፈር ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የአባቶቹን ርስት ከመልቀቅ ይልቅ መሬቱን ማዳን መረጠ።

ሥራው የተጀመረው ከላይ ነው። በተራራው ጐን እርከን ተሠራ፤ በቦረቦሩ የድንጋይ ክትር ተደረገ። ቍልቍል ይሮጥ የነበረው ውሃ እየዘገየ ወደ መሬት ሰረገ፤ ከዓመታትም በኋላ በሜዳው የተቈፈረው ጕድጓድ በቅርብ ውሃ ሰጠ፤ ገበሬውም በመስኖ አትክልትና ፍራፍሬ ያመርት ጀመር። በእርሻው መካከል የሚበቅለው ሞሞና የተባለው የግራር ወገን ተጠበቀ፤ ይህ ዛፍ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለሰብሉ ብርሃን ይለቃል፤ በበጋ ግን ለምልሞ ለከብት ጥላና መኖ ይሆናል። መንደሩም በሰኔ 2004 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የኤኳተርን ሽልማት ተቀበለ።

ድንጋይ መካብስ ለለመደው ሰው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከብትን ከተራራው መከልከል ነው። ግጦሽ ሲከለል አስቀድሞ የሚጐዳው ሌላ መስክ የሌለው ድኻ ነውና፤ ከተከለለው ስፍራ ሣር አጭዶ እንዲወስድ ካልተፈቀደለት ደንቡ በሌሊት ይሰበራል። በደቡብ ጐንደርም በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ ካህናትና ምእመናን የድንጋይ ቅጥር ስለ ሠሩ፤ የአገር ዛፍ ቡቃያ ሳይረገጥ ለማደግ ቻለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። የሹም ሥራ ግን ሊመረመር የሚገባው በተተከለው ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ በሚገኘው ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቈየው ጦርነት የኤሌክትሪክ መብራት ስለ ተቋረጠ፤ በትግራይ በብዙ ስፍራ ለዘመናት የተጠበቀ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ተቈረጠ። ስለዚህ ተራራ የሚከልል ወረዳ ሁሉ፤ ክልሉን ከማወጁ በፊት የሕዝቡን ማገዶ ከወዴት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ሊያሰናዳ ይገባዋል።