ጠላፊ ባል ሲሆን

አንባቢ ሆይ፣ በቅርቡ እዚህ እንጭኒ ለማስተምራቸው ልጆች አንድ ጥያቄ አቅርቤላቸው ነበር። «አንድ ጎረምሳ ልጃገረድ ጠልፎ ሽማግሌ ቢልክና ከወላጆቿ ቢታረቅ፣ ወንጀሉ ይቀርለታል?» የሚበዙት «ከታረቁማ ምን ቀረ!» አሉኝ። በኦሮምኛ ቡታ የሚሉትን ሁሉም ያውቁታል። አልተቆጣኋቸውም፤ የመንግሥቱ ሕግ ራሱ ብዙ ዘመን እንዲሁ ይል ነበርና። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ እንዲቀር ፈቅዶ ነበር። ኢጣሊያም ይህን የመሰለ አንቀጽ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1981 ይዛ ቆይታለች። ፈቃዱ የልጅቱ ይሁን የሽማግሌዎቹ፣ እስቲ ማን ጠየቃት?

ከጠየቁት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳኝነት ካገለገሉ በኋላ፣ በፈረንጆች 1995 ከባልደረቦቻቸው ጋራ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። በማግሥቱ ዓመት በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሮጥ ደረሰባት፤ እርሷም በገዛ ጠመንጃው ተኩሳ ገደለችው። ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በተለየ ሥርዓት እንዲዳኝ ቢያዝም፣ ልጅቱን የጠበቃት የነፍስ ግድያ ክስ ነበር። ማኅበሩ ጠበቃ አቁሞ ተከራከረላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ሽማግሌዎች ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወስነውባት ነበር።

ታሪኳ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ታይቷል። (ቃሉ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው፤ አማርኛችን አንዳንዴ ይጨክናል።)

ማኅበሩ ከጎተጎተላቸው ለውጦች አንዱ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ተከተለ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ቢያገባትም አይድንም። ወይዘሮ መዓዛ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ወላጆቼ ከታረቁ ከሳሹ ማን ነው?»

«ዐቃቤ ሕግ ነው።»

«ለእርሱስ ማን ይነግረዋል?»

በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀመጣችሁ አንባብያን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?