የአንበሳ ደቦልን ፎቶግራፍ ማንሣትና ምስሉን ማጥራት፦ ወሰኑ የት ላይ ነው?



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ የመዝናኛ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የአንበሳ ደቦል ፎቶግራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። እኔ ግን ደቦሉን እንደ ውብ ጌጥ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ልመለከተው እሻለሁ። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ምስልን ስናጠራ የምናስወግደው ጉድፉን ነው ወይስ ማስረጃውን?

በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በታንዛንያ፣ በሰሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ፣ ጎሕ ሲቀድ ከአንድ የግራናይት አለት ጉብታ ሥር አንዲት እናት አንበሳ ከሦስት ደቦሎቿ ጋር አገኘሁ። ብርሃኑ ገና ደካማ ስለ ነበረ የካሜራውን አይኤስኦ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነብኝ፤ በዚህም ምክንያት ምስሎቹ አሸዋ የተበተነባቸው መሰሉ። ከጉዞ ስመለስ በኮምፒውተር አለሰለስኋቸው፤ የጸጉሩን ጠርዝ አጎላሁ፤ የደቦሎቹንም ዐይን አደመቅሁ። ከዚያም ቦታ ለመቆጠብ ብዬ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች አጠፋሁ። ቆይቶ አንበሶችን የሚያጠና አንድ ወዳጄ እናቲቱን ለመለየት ምስሉን ጠየቀኝ። ጥቂት አየውና «ይህ ያማረ ሥዕል ነው፤ አንበሳይቱ ግን የለችበትም» አለኝ።

ምን ማለቱ ነበር? በአንበሳ ላይኛው ከንፈር ግራና ቀኝ፣ ከጢሙ ሥር፣ ጥቁር ነጠብጣቦች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። አቀማመጣቸው ከአንዱ አንበሳ ወደ ሌላው ይለያያል፤ እንስሳው ቢያረጅም አይለወጥም። ፔኒክዊክና ሩድናይ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን የነጠብጣብ አደራደር መለያ አድርጎ መጠቀም እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ጆርጅ ሻለር በ1966 እ.ኤ.አ. በጀመረው የሰሬንጌቲ የአንበሶች ጥናትም ተመራማሪዎች በትውልዶች ውስጥ እያንዳንዱን አንበሳ ለይተው መከታተል የቻሉት እንዲህ ባሉ ምልክቶች ነው። የእኔ ማለስለሻ ግን ነጠብጣቡን ከአሸዋው ሳይለይ አብሮ ጠርጎታል። ለሶፍትዌሩ ሁለቱም ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ናቸውና።

በደቦሉ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ደቦል ሲወለድ ዐይኑ የተጨፈነ ነው፤ ሲገለጥ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ወራት ሲቆጠሩ ወደ ወርቃማ ቡናማ ይለወጣል። ገላው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እያደገ ሲሄድ ይደበዝዛሉ። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ጉንጉን ብቅ የሚለው ወደ አምስት ወር ገደማ ነው። እነዚህ ሁሉ የዕድሜ ምልክቶች ናቸው። የንጋቱን ብርሃን ይበልጥ ወርቃማ ላድርገው ስንል ሰማያዊውን ዐይን ቡናማ እናደርገዋለን። ንጽጽሩን ከልክ በላይ ስናጎላ የደበዘዘውን ነጠብጣብ መልሰን እናደምቀዋለን። ሳናውቀው የእንስሳውን ዕድሜ ለወጥን ማለት ነው።

እንግዲህ ምስልን ማጥራት የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከሜዳው ነው። እናት አንበሳ ደቦሎቿን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ገደማ ከመንጋው ለይታ ትሸሽጋለች፤ ስለዚህ ወደ መሸሸጊያው አለመቅረብ የመጀመሪያው ሕግ ነው። መኪናችን በእናትና በልጅ መካከል አይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ደቦሉ እንዲያየን ብለን ድምፅ አናሰማ። ረጅሙን ሌንስ በመስኮቱ ላይ በተቀመጠ የባቄላ ከረጢት ላይ ካሳረፍነው ንዝረቱ ይቀንሳል። ለሚሯሯጥ ደቦል 1/1000 ሰከንድ ገደማ የሆነ የመዝጊያ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ለተኛው ግን ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን አይኤስኦውን መቆጠብ እንችላለን። እኔ በዚያ ንጋት ይህን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው አሸዋ ባልተፈጠረ ነበር።

ምስሉን በጥሬ ፋይል፣ ማለትም በሮው፣ ማስቀመጥም ግድ ነው። ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃዎችን ሊይዝ ይችላል፤ የተለመደው ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። ከጥላ ውስጥ የደቦሉን ፊት ለማውጣት የሚረዳን ይህ ልዩነት ነው።

በኮምፒውተሩ ፊት ስንቀመጥ ሥራውን በሦስት ከፍለን ብናየው ይጠቅማል። አንደኛው የካሜራውን ጉድለት ማረም ነው፤ በሌንሱ ወይም በሴንሰሩ ላይ ያረፈን አቧራ ማጥፋት፣ ብርሃኑን ማስተካከል የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው መተርጎም ነው። ማይክል ኒኮልስ የሰሬንጌቲን አንበሶች ከደቦሎቻቸው ጋር አለት ላይ እንዳረፉ በኢንፍራሬድ ያነሣው ጥቁርና ነጭ ምስል በ2014 እ.ኤ.አ. የዓመቱ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ሽልማትን አስገኝቶለታል። ያ ብርሃን የሰው ዐይን የሚያየው አይደለም፤ ግን ስልቱ ስለ ተገለጸ ተመልካቹ አልተታለለም። ሦስተኛው መፍጠር ነው፤ ያልነበረ ጸጉር መጨመር፣ የነበረ ሣር ማስወገድ፣ የዐይን ቀለም መለወጥ። በዛሬ ጊዜ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ማጥሪያዎች ያልተቀረጸውን ዝርዝር በግምት ስለሚሞሉ ከአንደኛው ወገን ወደ ሦስተኛው ሳይታወቀን ያሻግሩናል።

ከእናንተ መካከል ነገ ወደ ባሌ ሐረና ደን ወይም ወደ ጋምቤላ ካሜራ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም። ለእርሱ የማስተላልፈው ምክር አጭር ነው፤ የመጀመሪያውን ፋይል አታጥፋ፤ ያደረግኸውን ለውጥ መዝግብ፤ ስታለሰልስ የጢሙን ሥር ተው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። የእኔ ንጋት ግን በእጄ ከልክ በላይ ጠርቶ፣ ያቺ እናት ማን እንደ ነበረች ሳይታወቅ ቀርቷል።