ስለ ኮሪያ ማሰሮና ስለ ቀጨኔ ጀበና

የኮሪያ ስም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ የተላኩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች፤ ቁጥራቸው ከ6,000 የሚበልጥ፤ በዚያ አገር ተራራ ላይ መዋጋታቸውና ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን መስጠታቸው የታወቀ ነው። ከቀጨኔ ወደ ከተማው ሲወረድ አፍንጮ በር ላይ የቆመው ሐውልትም ይህንኑ ይመሰክራል። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢ ለማቅረብ ያሰብሁት የጦርነቱን ታሪክ አይደለም። ለትምህርት በዚያ አገር በቆየሁበት ጊዜ ያየሁትና ወደ ተወለድሁበት ወደ ቀጨኔ ከተመለስሁ በኋላም ከአሳቤ ያልወጣው ነገር የሸክላ ነገር ነው።

በኮሪያ የቆየ ቤት ጓሮ፤ ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ፤ ኦንጊ የሚባሉ ማሰሮዎች ተደርድረው ይታያሉ። ትልልቆቹ የእኛን የጠላ ጋን ያህላሉ። ኪምቺ የሚባለው በጨው የተዘፈዘፈ ጎመንና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ማጣፈጫ በውስጣቸው ለወራት፤ አንዳንዱም ለዓመታት ይቀመጣል። ባለቤቶቹ ማሰሮው ይተነፍሳል ይላሉ፤ የሸክላው ቀዳዳ እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ አየር ያሳልፋል እንጂ ውሃ አያፈስምና። ሠሪው በእግሩ በሚያዞረው መንኰራኩር ላይ ያበጀዋል፤ ከአመድና ከአፈር የተበጠበጠ ቅብ ቀብቶም በዳገት ላይ በተሠራ ረጅም እቶን ውስጥ ይተኩሰዋል። በቀጨኔ ሥራው የሴቶች ነው፤ መንኰራኩር የለም፤ እሳቱም በሜዳ ላይ የሚነድ ነው። ስለዚህ የቀጨኔዎቹ ሙያ ያነሰ ነው የሚል ቢኖር፤ የጀበናን ሆድ ያለ መንኰራኩር በእጁ ብቻ አክብቦ ለማውጣት አንድ ቀን ይሞክር።

በኮሪያ በቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘመን ሊቁ ከሁሉ በላይ፤ ገበሬው ከእርሱ ቀጥሎ፤ የእጅ ሠራተኛውና ነጋዴው ከበታች ነበሩ። ማሰሮ ሠሪ ደግሞ ከተናቁት መካከል ነበረ። ባለፈው መቶ ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው፤ የካቶሊክ ክርስቲያኖች ስለ ሃይማኖታቸው ሲሳደዱ ወደ ተራራ ሸሽተው ሸክላ ሥራን መተዳደሪያ አደረጉ፤ ማሰሮ ተሸክሞ የሚዞረውን ሰው ማንነቱን የሚጠይቅ አልነበረምና። ካርዲናል ኪም ሱ ህዋን የተወለዱት ከእንደዚህ ካለ ቤተ ሰብ ነው። አያታቸው ስለ ሃይማኖታቸው ሞተዋል፤ ቤተ ሰባቸውም ሸክላ በመሸጥ ይኖር ነበር። እርሳቸው በ1961 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሪያ ካርዲናል ከሆኑ በኋላ የብዕር ስማቸውን ኦንጊ፤ ማለት ማሰሮ፤ ብለው ሰየሙ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. የወታደሩን አገዛዝ የተቃወሙ ተማሪዎች በሴኡል ካቴድራል በተጠለሉ ጊዜ፤ ተማሪዎቹን ለመያዝ የሚመጣ አስቀድሞ እኔን፤ ቀጥሎም ካህናቱንና ደናግሉን ረግጦ ማለፍ አለበት ብለው ለመንግሥት ሰዎች አስታወቁ። መንግሥቱም በዚያው ወር ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጥ ተስማማ። በየካቲት 2001 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ በብርድ ተሰልፎ ተሰናበታቸው።

መንግሥቱ ራሱ በ1954 ዓ.ም. ባወጣው የቅርስ ሕግ የእጅ ሙያን እንደ ሕንጻና እንደ መጽሐፍ የአገር ቅርስ አድርጎ መዘገበ። የኦንጊ ሥራም ከጊዜ በኋላ ከመዝገቡ ገባ። የተመረጠው ባለሙያ ከመንግሥት ድጎማ ይቀበላል፤ ደቀ መዛሙርትም የማስተማር ግዴታ አለበት። እውነቱን ለመናገር፤ ይህ ክብር የመጣው ዘግይቶ፤ ፕላስቲክና ብረት ማሰሮውን ከየቤቱ ካስወጡት ወዲያ ነው። ሆኖም ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።

በእኛም አገር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ማለት ግን ዛሬም አልጠፋም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት መላኩን ካህናት አባቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ወይም ሲከለከል የሚማከሩትም እነርሱው ናቸው። ሹማምንትም ለእንግዳ ቡና በሚያስቀርቡበት ጀበና ይመካሉ፤ ጭቃው የሚቆፈርበት ስፍራ በግንባታ ሲያዝ ግን አቤቱታ ሰሚው ማን እንደ ሆነ ሠሪዎቹ አያውቁም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አላደርግም። በኮሪያ ሳለሁ ቤታቸው ለጋበዙኝ አንድ ሽማግሌ ጀበና ይዤ ሄድሁ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው፤ ገልብጠው ከታች ያለውን የጣት ምልክት ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና የሠሪዋን ስም ጠየቁኝ። እኔም ከገበያ የገዛሁት ነው አልኋቸው። የሠራችው ግን አክስቴ ነበረች።

ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኋት። ከምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ጭቃ ትለቅም ነበርና ቀና ሳትል ሰማችኝ፤ የጠየቀችኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንገቱ ሳይሰነጠቅ ደረሰ ወይ?»