ተጨማሪ መረጃ፦ የስሜን ዳገትና የሰውነት ብቃት

በስሜን ተራሮች አጠገብ ያለችው የደባርቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የስሜን ሰዎች በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠን ከቆላ ነዋሪዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል።

ደጋ መወለድ ብቻውን ግን ብርቱ አያደርግም፤ ልብንና ሳንባን የሚያጠነክረው የዘወትር እንቅስቃሴ ነው። ከዳባት ገበያ እህል ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ዳገቱን በሩጫ አይጀምርም፤ እርምጃውን መጥኖ ይዘልቀዋል። እናንተም ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ ልትጓዙ በምትችሉት ፍጥነት ጀምሩ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ ይመክራል። የትምህርት ቤት መንገዳችሁ ስንቱን ይሸፍናል?