ለሐራ የቤት ጋራዥ ፕሬስ ስለ መምረጥ

በሐራና በአካባቢዋ ማሽላውንና ጤፉን የሚፈጭ ወፍጮ፥ መስኖውንም የሚያጠጣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፥ ኩሽኔታው በተበላሸ ጊዜ ሥራው ይቆማል። ባለ ጋራዡ አዲሱን ኩሽኔታ በመዶሻ እየመታ ቢያስገባው ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድ ይጎዳል፤ ብዙም ሳይቆይ እንደ ገና ይበላሻል። ስለዚህ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፕሬስ ያስፈልገዋል።

ይህን መሣሪያ እንግሊዛዊው ዮሴፍ ብራማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1795 ዓመት በስሙ አስመዘገበ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በ1 ካሬ ሳንቲሜትር ፒስቶን ላይ የተጫነው ኃይል በዘይቱ አማካይነት 20 ካሬ ሳንቲሜትር ስፋት ወዳለው ፒስቶን ሲደርስ 20 እጥፍ ይሆናል።

ለቤት ጋራዥ ብዙውን ጊዜ 20 ቶን ይበቃል። ነገር ግን ገዢው ከቶኑ ቁጥር አስቀድሞ የማዕቀፉን ብረት ውፍረት፥ ብየዳውንና ብሎኑን ይመርምር። ክሪኩ በርትቶ ማዕቀፉ ቢደክም ብረቱ ይጣመማል፤ ኩሽኔታውም ተሰብሮ ስባሪው ሠራተኛውን ሊያቆስል ይችላል። የግፊት መለኪያና መከለያ ያለው ይመረጣል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች ጋራዥ የሚያቆመውን ሰው በቁጥሩ ሳይታለል ማዕቀፉን አይቶ እንዲገዛ ቢመክሩት፥ ገበሬው የተበላሸውን ዕቃ ይዞ ወልድያ ድረስ ከመድከም ይድናል።