ሳንዲ፦ ተተኩሶበት የሚፈልግ አውሮፕላን

በቬትናም ጦርነት ሰማዩን ጀት ሞልቶት ሳለ የአሜሪካ አየር ኃይል አንድ አሮጌ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አልለቅም ብሎ ይዞ ነበር። ስካይሬይደር ይባላል። የዳግላስ ኩባንያ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በማርች 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ። አፍንጫው ላይ ግዙፍ ፒስተን ሞተር፣ ክንፎቹ ላይ አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች፣ ከሥራቸው ቦምብና ሮኬት። ፍጥነቱ ከጀት አንጻር ለወሬ አይበቃም።

ተመትተው የወደቁ አብራሪዎችን ለመፈለግ የተመረጠው ግን በዚሁ በዝግታው ነው። ጀት ላይ ተቀምጦ ጫካ ውስጥ የተደበቀ ሰው ማግኘት ዘበት ነው፤ ዝቅ ብለው ሲያዩ ቦታው አልፏል፣ ነዳጁም ብዙ አያቆይም። ስካይሬይደር ግን እዚያው እየዞረ ሰዓታት ይቆያል፤ ጥይት ቢበሳሳውም በቀላሉ አይወድቅም። ለዚህ ሥራ ሲሰማራ የሬዲዮ መጠሪያው ሳንዲ ነበር። መጠሪያው በኋላ ወደ ኤ-10 ጀት አብራሪዎች ተላልፏል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ከወደቀው አብራሪ ጋር በሬዲዮ መገናኘት፣ ያለበትን በዓይን መለየት፣ አካባቢውን ከጠላት ማጽዳት፣ ከዚያ ሄሊኮፕተር መጥራት። ነገር ግን የተደበቀ መሣሪያ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ዝቅ ብሎ ሲበረር ነው። ካለ ይተኩሳል፤ ሲተኩስ ቦታው ይጋለጣል። የሳንዲ መሪ መንጠቆ ላይ እንዳለ ትል ራሱን ያቀርባል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1968 ይህ ተራ የሌተና ኮሎኔል ዊሊያም ጆንስ ነበር። ቦታው ሰሜን ቬትናም፣ ዶንግ ሆይ አቅራቢያ ነው። ዝቅ ብሎ አንድ የወደቀ አብራሪ ሲያስስ ከአውሮፕላኑ ሥር ፍንዳታ ተሰማው፤ የተቀመጠበት ክፍል በጭስ ታፈነ። ይቃጠል አይቃጠል ሳያጣራ ፍለጋውን ቀጠለ፣ ሰውየውንም አየው። ከገደላማው ቋጥኝ አናት አጠገብ የሚተኩስበትን ባለ ብዙ አፈሙዝ መሣሪያም አየ። ወዲያው እንዳይመታው የራሱን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ተመልሶ በመድፍና በሮኬት ሁለት ጊዜ አጠቃው።

በሁለተኛው ዙር አንዲት ጥይት ከራስ መደገፊያው ኋላ ያለውን ሮኬት አቀጣጠለች። ይህ ሮኬት አብራሪውን በአደጋ ጊዜ ከአውሮፕላኑ ጎትቶ የሚያወጣው ነው። ጆንስ እጀታውን ሳበ፤ የመስታወቱ ክዳን ተፈንጥሮ ሄደ፣ ሮኬቱ ግን ቀድሞ ነድዶ አልቋል። የገባው ነፋስ እሳቱን አባሰው። ክንዱ፣ እጁ፣ አንገቱ፣ ትከሻውና ፊቱ ተቃጠለ።

አውሮፕላኑን ወደ ላይ አንስቶ ያየውን ቦታ በሬዲዮ ሊናገር ሞከረ። ጓዶቹ ግን «ዝለል!» እያሉ መስመሩን ያዙበት፤ ለእሱ ሲጨነቁ የሌላውን መዳኛ ቃል ዘጉ። በሰከንዶች ውስጥ ማስተላለፊያዎቹ ሞቱ፤ የቀረው በአንድ መስመር መስማት ብቻ ነው። ቢዘል መረጃው አብሮት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ክዳን በሌለው፣ በተቃጠለ አውሮፕላን ወደ ጦር ሰፈሩ ተመልሶ አረፈ። የወደቀው አብራሪ ያለበትንና መሣሪያው የተተከለበትን ቦታ ለመኮንን ያስረዳው በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው። ሰውየው በዚያው ቀን ተገኝቶ ወጣ።

ጆንስ በኖቬምበር 1969 አገሩ ውስጥ በትንሽ የግል አውሮፕላን አደጋ ሞተ። የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ በሚቀጥለው ዓመት ከፕሬዚዳንት ኒክሰን እጅ የተቀበለችው ባለቤቱ ናት።